ከሣጥኑ ሳይወጣ በረረ የተባለው መለኪያ

ለአየር ጠባይ ምርምር ቢሮ ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 3

ጉዳዩ፦ ያልተለካ ሰማይ «ተለካ» ተብሎ ስለመመዝገቡና ጥፋቱ በእኔ ስለመላከኩ

ክቡር ሆይ፣

ግንቦት 21 ቀን ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ «እነዚህ ሰማይ እንለካለን ባዮች ምን ሲሠሩ ነበር?» ሳይሉ አልቀሩም። መልሱ አጭር ነው፤ አልለካንም።

1. የመስክ ቡድናችን ነጎድጓድ ከመፈጠሩ በፊት የአየሩን እርጥበትና ሙቀት ለማወቅ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ መለኪያ ያንጠለጠለ ፊኛ ይለቃል። ከተመረቅሁ ስምንት ወሬ ነው። ፊኛውን በየቀኑ በደስታ የምለቀው እኔ ነበርሁ።

2. የዚያን ዕለት ንፋሱ ስላየለ የቡድን መሪው «ነገ እንለቃለን፤ ሰማዩ እንደሆነ የትም አይሄድ» ብለው የትናንቱን ንባብ ቅጹ ላይ ገለበጡት። ብቃወም «ትናንት ተፈልፍለሽ ዛሬ ልትጮኺብኝ?» አሉኝ። ወዲያው ለቢሮው አለመደወሌ እስከ ዛሬ ያሳርረኛል። ቢሮው ቅጹን አምኖ «የሚያሰጋ የለም» አለ። ሾፌራችን ጋሼም ይህንኑ ሰምተው ዕቃ ሊሰበስቡ መኪናውን ይዘው ሜዳ ወጡ። በረዶው የመኪናውን መስታወት ሰብሮ ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው።

3. መሪው የፈረሙት ሪፖርት ግን «የጀማሪዋ ባለሙያ የንባብ ስህተት» ይላል። የስንብት ደብዳቤዬ ሐሙስ ይወጣል።

እናቴ «ተይው ልጄ፣ ለላይኛው ስጪው» ትለኛለች። እማዬ፣ ላይኛውንማ ሳንለካው ቀርተን እኮ ነው!

4. እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ ቁጥር አለው። መሪው ቅጹን ሲሞሉ ከመደርደሪያው ተራው የደረሰውን 417 «በረረ» ብለው ጻፉ። በማግስቱ 418ን ለቀቅሁና 417ን ልብሴ መሐል ሸሸግሁት። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልሁት ፈርቼ አይደለም፤ ሪፖርቱ ላይ እስኪፈርሙ እየጠበቅሁ ነበር። ማሸጊያው ሳይቀደድ ይኸው ጠረጴዛዎ ላይ አለ።

ስለዚህ በዝግ በር የሚሰጥ ተግሣጽ አልለምንም። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው ሁሉ ይሰብሰብ። ጋሼ ከፊት ይቀመጡ። መሪውም ማሸጊያውን በገዛ እጃቸው ቀድደው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ አንዴ አይበቃም፣ ሦስቴ። ከዚያ 417ን እለቀዋለሁ። ክቡርነትዎም ሣጥኑን ይዘው መጥተው የፊኛውን ክር ይያዙልኝ። መምጣትዎን እስከ ረቡዕ ያሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር፤ ከይቅርታ ጋር ግን አይደለም፣

(ፊርማ)
ጀማሪዋ ባለሙያ

አባሪ፦ አንድ ሣጥን
ግልባጭ፦ ለጋሼ፣ በትልልቅ ፊደል