ዓለምእሸት ክኒኗን የተወች ጊዜ

ይድረስ ሐዋሳ ላለው ታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ልጆችህስ? እኔ በእግሬ መቆሜን እንጂ ደኅና መሆኔን አላውቅም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ድምፅህን ስሰማ ስድብ ይቀድመኛል። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

እህታችን ዓለምእሸት ሆስፒታል ከተኛች ሰነበተች። እስካሁን ዝም ያልኩት «እንዳይጸጸት አትንገሪው» ብላ ለምናኝ ነው። እኔ ግን እንድትጸጸት እፈልጋለሁ።

ለዐቢይ ጾም መግቢያ የደወልክላት ቀን አጠገቧ ነበርኩ። የተራበ ሴል የገዛ ብልሽቱን እየበላ ራሱን ይጠግናል፣ እንደ እሷ ሉፐስ ያለ፣ ሰውነት የገዛ ራሱን የሚወጋበት በሽታ መድኃኒቱ ጾም ነው አልካት። ይህንስ ይሁን። «በከበባው ጊዜ እኮ ያለ ክኒን፣ በባዶ ሆድ ኖረሻል፤ ሰውነትሽ ራሱን ጠግኖ ነው» ያልካትን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ያኔ አንተ እዚህ አልነበርክም። ክኒኑ ከመቐለ ሲጠፋ ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም ነበር። ሳበጥራት ፀጉሯ እጄ ላይ ይቀራል። ብርጭቆ መያዝ ሲያቅታት ውኃ በማንኪያ አጠጥቻታለሁ። ኩላሊቷ የተጎዳውም ያኔ ነው። ጾም በፈቃድ ነው፤ እኛ አልጾምንም፣ ተርበን ነው።

እሷ ግን አመነችህ። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ጭራሽ ተወችው። ተይ ብላት «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንብቦ ነው የነገረኝ፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ከቅዳሴ ስትመለስ ቀዳማይ ወያነ ገበያው መሀል ወደቀች። ሽንኩርት ሻጮቹ ተሸክመው አመጡልኝ።

የሚያክማት ዶክተር ረዘነ አልተቆጣትም። ጾም ብግነትን ያስታግስ ይሆናል የሚሉ ጥናቶች እንዳሉ፣ ነገሩ ግን ገና እንዳልለየለት አስረዳኝ። «ቀድማ ብትጠይቀኝ የሚሆናትን አብረን እናይ ነበር። ይህን ክኒን ግን ማንም በድንገት አያቆምም» አለ። ያነበብከው ሁሉ ሐሰት አይደለም ማለት ነው። ግማሹን ነው የነገርካት፤ ያልነገርካት ግማሽ ጣላት።

አሁን ደሟ የሚጣራው በማሽን ነው። ስምህን በክፉ ሳነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ዛሬም አንተን ታምናለች፣ በማንኪያ ያጠጣኋትን እኔን ግን ክፉ አፍ ትለኛለች።

በቀደም ዶክተሩ እኔን አስመረመረኝ። ውጤቱን አይቶ «ያንቺ ኩላሊት አይሆናትም» አለኝ። ቀጥሎ ሌላ እህት ወይም ወንድም እንዳለን ጠየቀኝ። የለንም ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ፣ አለን አልኩት።

ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ስታርፍ እኔ አልቀበልህም። ታክሲ ይዘህ በቀጥታ ወደ እሷ ሂድ። ከእኔ ጋር የምንነጋገረው ሌላ ጊዜ ነው፤ ብዙ አለኝ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልን። ይህን ብቻ ከልቤ ነው የምልህ።

ያልታረቀችህ ታላቅ እህትህ