ጥሩንባ የተከለከለች ጎረቤት

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ወጋየሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የያዘው ቁርጥማት ለቀቀዎ? እትዬ ጸሐይወርቅስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደኅና ናቸው? እኔ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በአካል ደኅና ነኝ። ነፍሴ ግን ደኅና አይደለችም፤ እርስዎን ከዋሸሁ ዓመት ሞላኝ። እድራችን ጴንጤዎቹን ሲያባርር «ስብሰባው ላይ አልነበርኩም» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ነበርኩ። «ይውጡ የምትሉ እጅ አውጡ» ሲባል እጄን አወጣሁ።

ካባረርናቸው አንዷ አጥር የምትጋራኝ ገበያነሽ ናት። ባለቤቴ አስቴር በታመመች ጊዜ ገላዋን ያጠበችልኝ፣ ነፍሷ እስክትወጣ ከራስጌዋ ያልተለየች እሷ ናት። ባሏ ላቀው «ከሁሉም በላይ አብዮቱ አልልም፣ ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው» ብሎ ከክረምቱ ጀምሮ ታስሯል። እኔ ማተብ አስሬ፣ ረቡዕና ዓርብ እየጾምኩ፣ በየስብሰባው ግራ እጄን አንስቼ መፈክሩን እጮሃለሁ። ማነው አማኙ፣ ጋሼ?

ትናንት ገበያነሽ ሞተች። መቃብሩን እንኳ ገበሬው ዋቅጅራ ከማሳው ዳር ፈቅዷል፤ የጠፋው ቀባሪ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ተካ ዘንድ ሄጄ ድንኳን ይሰጣትና ጥሩንባ ይነፋላት ብዬ ለመንኩ። «ለጸረ ማርያም ነው ድንኳን የምንተክለው? ደሞስ የጸረ አብዮት ሚስት አይደለች? አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ተከትለህ መሄድ አማረህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ! እመቤታችን ይሄን ሰው ጠበቃ ቁምልኝ አለችው? ጥሩንባ ነፊው በንቲ ደግሞ «ወንድሜ፣ ጥሩንባ እንጂ ትርፍ አንገት የለኝም» አለኝ። በእሱ እንኳ አልፈርድም።

እርስዎም፣ አይቆጡኝና፣ «ጸልይ እንጂ የመንግሥትን ነገር ለመንግሥት ተው» እያሉ ሲመክሩኝ ኖረዋል። ጸለይኩ። ጸሎቴን እንደ ጋቢ ተከናንቤ ተደበቅኩበት። ሰው ሲበደል ዝም እንድል የሚያደርገኝን ጸሎት ከእንግዲህ አልችለውም።

እትዬ ጸሐይወርቅን እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ዓለሚቱን ግንባሯን፣ አምሐን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ። ደብዳቤዬ ቢዘገይ እንዳይደነግጡ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በንቲ ቤት ገብቼ ጥሩንባውን ከተሰቀለበት አወረድኩ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረልኝ። ከዚያ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች፣ በአቶ ተካም ደጅ ቆሜ ጭምር እየነፋሁ፣ «የላቀው ባለቤት ወይዘሮ ገበያነሽ አርፋለችና ቀብር ውጡ!» እያልኩ ዞርኩ።

ታናሽዎ ጌቱ
መካኒሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.