ያቃናህልኝ ጽሑፍ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ዘካርያስ፣
ጁባ

እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ተናድጃለሁ። ከዓርብ ወዲህ ስልክህን ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ብናወራ አንተ ትስቃለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ተድበስብሶ ይቀራል።

ከዶክትሬት ማመልከቻዬ ጋር የሚያያዘውን ጽሑፍ የላክሁልህ ግድፈት ካለ እንድታይልኝ ነበር። አንተ ግን ገለባብጠህ ጻፍከውና፣ የማመልከቻዬ ፓስወርድም በእጅህ ስለሆነ፣ ሳትነግረኝ ለዩኒቨርሲቲው አስገባኸው። "አቃንቼ ልኬልሻለሁ" ስትለኝ እኔ ሞኟ አመሰገንኩህ!

ዓርብ ዕለት ማመልከቻዬን የሚያዩት ፕሮፌሰር በቪዲዮ አነጋገሩኝ። ከጽሑፉ አንድ መስመር አነበቡልኝ፦ "ስደተኛ እናቶች ሁሉ ወደ ክሊኒክ ዘግይተው የሚሄዱት ባህላቸው ስለሚይዛቸው ነው።" ከዚያ "ማስረጃሽ ምንድን ነው?" አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ መስመሩን አላወቅሁትም። የገዛ ጽሑፌን! እኔ ያነጋገርኩት ሃያ ሦስት የኢስትሊ እናቶችን ነው። አብዛኞቹ የፈሩት መንገድ ላይ ፖሊስ ወረቀት እንዳይጠይቃቸው ነው። ባህል ያለችኝ አንዲትም የለችም። ቀጥለው "ይህኛው ግኝት ደግሞ የሌላ ሰው ነው፤ ስሙ የት ሄደ?" አሉኝ። ሌባ መሰልኩ። እኩላለሁ ብለህ ዓይን አጠፋህ።

ስምንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው በማታቱ ሚኒባስ እየተጋፋሁ መሃል ከተማ ለጽሑፍ ትምህርት የምሄደው ለምን ይመስልሃል? እንግሊዝኛ መናገርማ ድሮም እችላለሁ። መምህርት አኪኒ የምታስተምረን የምናውቀውን ያህል ብቻ እንድንናገር፣ ሐሳብ ስንበደርም ባለቤቱን በስሙ እንድንጠራ ነው። የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ስትመልስልኝ "ታላላቆቹን ሁሉ አክብረሻል፤ አንቺ ግን የት ነሽ?" አለችኝ። ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። በሰባተኛው "አሁን ሰማሁሽ" አለችኝ። አንተ የሰረዝከው ያንን ነው።

ሚስትህ ሚልካ ምክንያትህን ነግራኛለች። "የሰው ስም ስታበዛ የራሷ ሐሳብ የሌላት ትመስላለች፤ 'ሊሆን ይችላል' ስትል ደግሞ ፈሪ ትመስላለች" ብለሃታል አሉ። አንተ ለለጋሾች የምትጽፈው ሪፖርት እንደዚያ ይጻፍ ይሆናል። እኔ ግን እርዳታ እየለመንኩ አይደለም።

አውቃለሁ፣ በእኛ ቤት ፎርም የሚሞላው ታላቅ ነው። ናይሮቢ ስንገባ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የስደተኛ ወረቀቴንም የትምህርት ቤቴንም የሞላኸው አንተ ነህ። የራስህን ማስተርስ ጥለህ ለእኔ ሮጠሃል። ይህን ስለማልረሳ ነው እስከ ዛሬ አፌን ይዤ የኖርኩት። አሁን ግን ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ በእኔ ስም መናገር ይብቃህ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ መምህርት አኪኒ አንድ ግድፈት ሳታስቀር አይታው ነበር። ለአንተ የላክሁት አንብበህ "ጎበዝ" እንድትለኝ ብቻ ነው። አላልከኝም።

የጠየቁኝ ማብራሪያ እስከ ፊታችን ዓርብ ካልደረሳቸው ማመልከቻዬ ይዘጋል። እኔ ሰባቱን ረቂቆች አያይዤ የበኩሌን ዛሬ ጠዋት ልኬያለሁ። አንተም ጽሑፉን የለወጥከው ራስህ እንደሆንክ፣ እኔም እንዳላወቅሁ፣ ስምህን አስቀምጠህ ጻፍላቸው። እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። እኔም ዓርብ ዕለት አፍሬያለሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና ነው። ግን የጁባ ሙቀት አይጉዳህ። ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅልኝ፤ ያሳደገኝን እጅህን ይባርክልኝ።

ታናሽ እህትህ፣
ሩሐማ

ደብዳቤውን ከጻፍከው በኋላ "እስቲ እዪልኝ" ብለህ እንዳትልክልኝ። አላርምልህም።