ሰዓቱ «ወድቃለች» ይላል

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አልወደቅኩም። በዚህ ሕንፃ የሚወራው ሐሰት ነው። በየሁለት ቀኑ እየወደቀች ትደብቃለች ይባላል አሉ... የነገረችኝ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ያውም ክንዴን ደግፋ ደረጃውን ልታወጣኝ እየታገለች።

«እትዬ፣ መውደቅ እኮ ነውር አይደለም።»

«ለወደቀ ሰው ንገሪው» አልኳት።

ከማን ሰማሽ? ከልጅዎ። ልጄስ ከማን? ከሰዓቱ።

ልጄ ከወር በፊት ያሰረልኝ ሰዓት ነው። የልብ ምት ይቆጥራል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ ሰው ሲወድቅ ለልጄ ስልክ መልእክት ይልካል። ሰዓት መንገር ብቻ አይወድም። ክንዴን ካላወዛወዝኩለት ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል። ድሮ ሰዓት ማለት ሳይለመን የሚናገር ዕቃ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ መዝገበ ቃላት ጠረዝኩ። ክሩ ደህና ያዘ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ልጄ መጣ። ሳይቀመጥ ጉልበቴን አየ።

«እማዬ፣ ዘጠኝ ጊዜ።»

«ምኑ ዘጠኝ?»

«የወደቅሽው። በሦስት ሳምንት። ይኸው ሁሉም እዚህ አለ። ደውዬ ስጠይቅሽ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ትይኛለሽ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አክስቴም እንዲሁ ነበር የምትለው።»

እህቴን ማለቱ ነው። መጨረሻዋ ላይ ትወድቅ ነበር። አልወደቅኩም ብላ ትምል ነበር። አትዋሽም... ትረሳው ነበር።

እሱ ቤት ክፍል አሰናድቶልኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአራት ሰዓት ዕቃዬን የሚወስድ የጭነት መኪና ይመጣል። ክፍሉ መስኮት አለው አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። የመጽሐፍ መጭመቂያዬ ግን በዚያ በር አይገባም። መጭመቂያ የሌለው ጠራዥ ምኑን ጠራዥ ነው? አርባ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ብረት...

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጉልበቴን በመስተዋት አየሁ። ክርኔንም። ዳሌዬንም። አንዲት ሰንበር የለችም።

ግን ረስቼው ቢሆንስ?

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረውን የስም መጥሪያ በቃሌ ወጣሁት፤ ሠላሳ አንዱንም፣ በተራ። ደስ ሊለኝ ሲል ቆም አልኩ። እህቴም የድሮውን አንድ ሳታስቀር ታስታውስ ነበር። የጠፋባት የዛሬው ነው።

ሥራ አልሠራሁም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዛሬም አልወደቅኩም። ቢያንስ... የማውቀው የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጠዋት ለልጄ ደወልኩ። «የወደቅኩበትን ቀንና ሰዓት ላክልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የተከሰሰ ሰው የክሱ ጽሑፍ ይደርሰዋል።»

ላከው። ዘጠኙንም በእጄ ገለበጥኩ። ከጎኑ የሥራ ደብተሬን ዘረጋሁ። የትኛው መጽሐፍ በስንት ሰዓት ምን እንደተደረገለት የምጽፍበት ነው፤ አንድ ቀን አልዘለልኩም።

ጥር 19 ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ጥር 19 የሁለት መጻሕፍት ጀርባ አጉብጫለሁ። ጥር 23 አንድ ጊዜ፤ አንድ መጽሐፍ። ሥራ በሌለበት እሑድ አንድም ውድቀት የለም። ክር ብቻ ስሰፋ በዋልኩበት ቀን አንድም የለም።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። መልሼ አነሳሁ። እንደገና አመሳከርኩ። ዘጠኝ ለዘጠኝ።

የመጽሐፍ ጀርባ ቀጥ ብሎ ከቀረ ገጹ እያደር ወደ ፊት ይንሸራተታል። ስለዚህ ሙጫው ጨርሶ ሳይደርቅ በመዶሻ እየመታን እናጎብጠዋለን። መዶሻውን የምይዘው በግራዬ ነው። በልጅነቴ መምህራችን ግራ እጄን በሻሽ ከወንበር ጋር አስራ በቀኝ መጻፍ አስተማረችኝ። በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እበላለሁ። መዶሻ ግን እሷ ዘንድ አልተማርኩም። ሰዓቱ የታሰረውም በግራ ነው።

ልሞክረው ተነሳሁና ተውኩት። ምስክር የሌለው ሙከራ ያው ወሬ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ልጄ በምሳ ሰዓቱ መጣ። «እዚያ ቁም። ስልክህን አውጣ። ዓይንህን ከእኔ ላይ እንዳትነቅል» አልኩት።

«እማዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ።»

«ይበቃል።»

መታሁ። በሰባተኛው ምት ሰዓቱ ክንዴ ላይ ተንቀጠቀጠ። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ አልኩ። በደቃቅ ፊደል «የወደቁ ይመስላል። ደህና ነዎት?» ይላል። አንቱ ማለቱን ወደድኩለት።

«ይሄ ሲንቀጠቀጥ ተይው አላልከኝም? ተነሺ ተንቀሳቀሺ ነው የሚልሽ ብለህ?»

«መስሎኝ...» አለ። ስልኩ ጮኸ። አየው። እኔን አየ። መዶሻውን አየ።

«ወድቃለች ይላል።»

«ቆሜያለሁ ወይስ ወድቄያለሁ? እስቲ አንተው ንገረው።»

የወረቀት ጥቅል ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ሰዓቱን ሳስተካክል፣ በየትኛው እጇ ነው የምትሠራው ሲለኝ በቀኝ አልኩት። ስትጽፊ አይቼ። በግራሽ ያሰርኩትም ለዚያ ነው።»

«በዚህ መዶሻ አይደል ያሳደግኩህ?»

«ጠረጴዛው እኮ ወደ መስኮቱ ነው የዞረው። እኔ የማየው ጀርባሽን ነበር።»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ልለው ነበር። አልኩት እንጂ ምን ቀረኝ... ግን ቀስ ብዬ ነው። ከዚያ ያላሰብኩት ወጣኝ። እንደ እህቴ የሆንኩ መስሎኝ ነበር አልኩት።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለ። አፍንጫውን እያበሰ ለመኪናው ባለቤት ደወለ። ቅዳሜ አይምጣ አለው። ሥራ ዘግይቶ ገባ፤ አልተቆጣሁትም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ለጥ ብዬ ተኛሁ። ስነሳ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወጥታለች። እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሰዓቱን አልጣልኩትም። ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? ወደ ቀኝ አዛውሬዋለሁ፣ መዶሻ ሳነሳም አወልቀዋለሁ። አንድ ቀን በእውነት ብወድቅ ደግሞ የሚናገርልኝ ይኖራል። ይህን ለልጄ አልነግረውም፤ ሌላ ዕቃ ገዝቶ ይመጣል።

ዛሬ ሲደውል ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። «ዛሬ የማንን መጽሐፍ ነው የምትጠርዢው?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ አወራን።

ለዕቃዬ ማሸጊያ ብሎ የገዛቸው ካርቶኖች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ቀርተዋል። ጠንካራ ናቸው።

ነገ መጀመሪያ ሙጫውን አሞቃለሁ። ሳይፈላ። ከዚያ የወፍራሙን የሕግ መጽሐፍ ጀርባ አጎብጣለሁ። ከዚያ ያለቁትን ሃያ አራት ጥራዞች በልጄ ካርቶኖች አሽጌ፣ የጭነት መኪናው ሊመጣ በነበረበት በአራት ሰዓት፣ ላዘዘኝ ቤተ መጻሕፍት እልካለሁ።