ወደ ሰሜን የዞረው መቀመጫ

ለልጄ ለሙሀመድአሚን
ጅዳ

ልጄ ሙሀመድአሚን፣ ሰላምታዬን ከማስከተሌ በፊት አንድ ነገር ልትረዳልኝ ይገባል። እናትህ አንተ ባሠራህላት መጸዳጃ ቤት እስከ ዛሬ አንድ ቀንም አልተቀመጠችም። አሁንም በክራንች ተደግፋ ጓሮ ወዳለው አሮጌ ሽንት ቤት ነው የምትወጣው። በስልክ “አዎ፣ እየተጠቀምኩበት ነው” ስትልህ የሰማኸው እውነት አይደለም። ይህን ያዝና ቀሪውን አንብብ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ሴራሚክ ተሸክመህ ደረጃ ትወጣለህ? ባለቤትህስ አስያ እንዴት ናት? ትንሿ አሻ መራመድ ጀመረች ወይ? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእናትህ እግር በቀር ደህና ነን። እሷ አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛዋ “አከም ጅርታ፣ ነጋ ጅርታ በሉልኝ” እያለች ነው። ስለ ምን እንደምጽፍልህ ግን አልነገርኳትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ ንግግሬን ሳልጨርስ ዘግተህብኛል፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋም። እህትህ ኢክላስ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ጽሑፌ ደቅቆ ካስቸገረህ አጉልተህ አንብበው።

ነገሩን ከመነሻው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። እናትህ ጥር ላይ ከዚያው ከጓሮ ስትመለስ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር፣ እኔና እሷ ለሕክምና ደሴ ከረምን። ያን ጊዜ አንተ ደግ ሥራ ሠራህ፤ አልክድም። ሴራሚኩን፣ መቀመጫውን፣ ድሪሉን፣ ከድሪሉም ጋር ጠርዙ ላይ የአልማዝ ብናኝ ያለበትን ክብ መብሻ ከሰው ጋር ላክህ። ግንበኛውን ወንዴን በስልክ ቀጥረህ ከመኝታ ቤቷ ጎን የነበረችውን ዕቃ ቤት መጸዳጃ አስደረግሃት። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልክም። “አባዬን ላስደንቀው ብዬ ነው” አልክ። አስደንቀኸኛል።

ከደሴ የተመለስን ዕለት ጎረቤታችን ሀዲጃ በር ላይ ቆማ እልል አለች። “ረቢአ፣ ልጅሽ ቤትሽ ውስጥ ሆቴል ከፈተልሽ! እኛንም በወረፋ ታስገቢናለሽ?” ስትላት እናትህ ከነሕመሟ ሳቀች። ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። “የልጄ እጅ ነው” አለች፤ የወንዴ እጅ መሆኑን እያወቀች። እኔና ኢክላስ ደግፈን ልናስቀምጣት ስንል ግን ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። ፊት ለፊቷ ያለው የሰሜኑ ግድግዳ ነው። እዚያው ከጎኑ ባለችው መኝታ ቤቷ ዕድሜዋን ሙሉ ወደዚያው፣ ወደ መካ፣ ስትሰግድ ኖራለች። “አንቱ፣ ፊቴን ወደ ቁብላ ሰጥቼ?” አለችኝ። ክራንቿን ይዛ ወጣች።

ወንዴን አስጠርቼ ጠየቅሁት፤ ሳልቆጣ ነው የጠየቅሁት። “ጋሼ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የእናንተን ቁብላ በምን ዐውቄ?” አለኝ። “ልጅዎ ግን አደራ ብሎኛል። ‘ፊቷም ጀርባዋም ወደ ምሥራቅ እንዳይሆን፣ ወደ ሰሜን አድርገህ ትከለው’ ነው ያለኝ። እረሳዋለሁ ብሎ ፈርቶ በማግስቱም ደወለልኝ። እኔም በስልኬ ኮምፓስ ለክቼ ነው የተከልኩት፤ ዝንፍ ካለ ይጠይቁኝ።” እኔም ለካሁት። ዝንፍ አላለም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጅዳ ላይ መካ በምሥራቅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ምሥራቅ ሰግደሃል፤ ጉልበትህም ግንባርህም ምሥራቅን ለምደዋል። የአባትህ ቤት ግን ያለው ከሚሴ ነው። ከሚሴና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከእኛ ደጅ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሄደ ይደርሳል። ይህን እንደ አዲስ አልነግርህም። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምርህ ካርታው ፊት ስጠራህ ያን መስመር በማስመሪያ ያሰመርከው አንተ ነህ፤ ክፍሉም አጨብጭቦልህ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ። መካ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ የእናቱ ቁብላ የሚጠፋው ልጅ ይኖረኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መሳሳትህ አይደለም ያቆሰለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ልጅ ስህተት ሳርም ነው፤ በስህተት አልቀየምም። ያቆሰለኝ ስነግርህ የመለስክልኝ ነው። መጀመሪያ “ቤት ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም አባዬ፣ ዑለማዎች ፈቅደዋል” አልክ። እንዲህ የሚሉ መኖራቸውን እናትህም ታውቃለች። “ይፈቀድ ይሆናል፤ እኔን ግን ገላዬ እንቢ አለኝ” ነው ያለችው። አንተ ግን የአንድ ሸኽ ትምህርት በድምፅ ላክህላት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏል ይህ ነው። ቀጥለህም “ላቤን አንጠፍጥፌ የላክሁት ነው፤ ለእናንተ ለካ ምንም አይበቃም!” ብለህ ዘጋህብኝ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ አልደወልክም። ለእሷ ስትደውል “መጸዳጃው እንዴት ነው እማ?” ትላታለህ። “አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አሳረፍከኝ” ትልሃለች። ስልኩን ታስቀምጥና ክራንቿን አንስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ኢክላስ ልደግፍሽ ስትላት ስለምትቆጣ፣ ልጅቱ ልብስ የምታሰጣ መስላ ከኋላዋ ትከተላታለች። በየዓርቡ ደግሞ እዚያ ክፍል ገብታ ሴራሚኩን በጨርቅ ትወለውላለች። ያልተቀመጠችበትን መቀመጫም ትወለውላለች።

ወንዴ ለሥራ ኮምቦልቻ ሄዷል። ሌላ ሰው ባስገባ ሴራሚኩን በመዶሻ ያደቅቅብኛል ብዬ ራሴ ላዞረው ተነሳሁ። ሙያው ያንተ ስለሆነ ያደረግሁትን ልንገርህና የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ። ወንዴ ያለ ውሃ ስለበሳበት የመብሻው ጠርዝ ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ ሸክላ ጡብ ላይ ጥቂት አሽከረከርኩት፤ የተቃጠለው ተገፈፈና አልማዙ እንደገና ሻካራ ሆነ። ድሪሉ እንዳያንኳኳ፣ እንዲሽከረከር ብቻ አደረግሁት። ይህ መብሻ መሐሉ ላይ መያዣ የለውምና ልስልስ ነገር ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ኮምፔንሳቶ በልኩ ክብ አድርጌ በስቼ ወለሉ ላይ አጣበቅሁና መብሻውን በዚያ ውስጥ አስገባሁት። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከውሃው አርቄ ሰቀልኩ። ኢክላስ በውዱእ ማድረጊያው ኢብሪቅ ቀስ እያለች ታንቆረቁራለች፤ እኔ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ሳልጫን እይዛለሁ፤ ውሃው ከሥሩ እንዲገባም በየመሐሉ ብድግ አደርገዋለሁ። ልቸኩል ያልኩ እንደሆነ ይጮኻል፣ ይግላል።

ሀዲጃ በመስኮት ብቅ ብላ “መምህር፣ ጡረታ የወጡት ጉድጓድ ሊቆፍሩ ኖሯል?” አለችኝ። “ተማሪዬ ያበላሸውን እያረምኩ ነው” አልኳት። “ታዲያ ተማሪውን አይገርፉትም?” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ክቡ ሳይሰነጠቅ ወጣ። ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ በመሮ ፈልፍዬ ቧንቧውን አዛወርኩ። መቀመጫው አሁን የምዕራቡን ግድግዳ ተደግፎ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ፊትም ጀርባም ለቁብላ አይሰጥም። የድሮውን ቀዳዳ ከሥር ደፈንኩና ከአዲሱ የወጣውን ክብ ሴራሚክ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። መብሻው ያው ስለሆነ ልክክ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። መብሻው ሲዞር የሚበላው ነገር ስላለ፣ ዙሪያውን የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። በነጭ ሲሚንቶ ሞላሁት፤ ምልክቱ ግን ይታያል።

ሁሉም ሲያልቅ እናትህን ጠራኋት። ገብታ ዙሪያውን አየችና “ማሻ አላህ” አለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ከዚያ ያንን ክብ ምልክት በክራንቿ ጫፍ ነካችው። “ልጄ የተከለውን ነቅላችሁ እኔ ልቀመጥበት? ሲሰማ ምን ይላል? በፊትም ምንም አይበቃችሁም ብሎናል። እሱ ሳይፈቅድ አልቀመጥም” አለችና ወጣች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ኢክላስም አለቀሰች። ወይ ፍንክች። እኔ ወለሉን በስቻለሁ፤ ከዚህ በላይ የምችለው የለም። ቁብላው ተስተካክሏል። የቀረው ያንተ ኩርፊያ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ነው። ጓሯችን ቁልቁለት መሆኑን፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና እንደሚያዳልጥ ታውቃለህ። አንተም በልጅነትህ እዚያ ወድቀህ ጥርስህን ሰብረሃል፤ ቁብላውን ብትረሳ ይህን አትረሳም። ሐኪሙም ዳግመኛ ከወደቀች መነሳት የለም ብሎናል።

ኢክላስ ናፍቀሃታል፤ እጅህን ትስማለች። ሀዲጃ “ለእኔም አንድ ሆቴል ይሥራልኝ” ትልሃለች። ወንዴ ከኮምቦልቻ ደውሎ “ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ቢሆንም ይቅር ይበለኝ በሉልኝ” ብሏል። አስያን በጣም ሰላም በልልኝ፤ አሻን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። የእናትህን ሰላምታ በመጀመሪያው ገጽ አድርሻለሁ።

ከእኔ ጋር ታረቅ ብዬ አልለምንህም፤ ያንን ሆድ ይፍጀው። ሌላ ዕቃም አትላክ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። በራስህ ድምፅ “እማ፣ አባዬ ያዞረው ትክክል ነው፤ አልከፋኝም፤ ገብተሽ ተቀመጪ” በላት። ሸኽ አትጨምርበት፣ ምክንያትም አትደርድር። ዝናቡ ሳይቀድምህ፣ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ዛሬውኑ ደውልላት።

አባትህ ሙሀመድኑር
ከሚሴ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.