የሀብታሙ ቀይ ፍሬን

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ተናድጃለሁ።

ሀብታሙ መኪናውን ሊያሳየኝ ከቡሬ መጣ። እሁድ ልጄን ውባለምን የሚያገባት እሱ ነው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ስትነሳ የምታጓራ ቀይ የስፖርት መኪና። ለሰርጉ ብሎ ፍሬኗን አስቀይሯል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትልልቅ ዲስክ፣ ዲስኩን የሚነክሰው ካሊፐር ደግሞ በቸርኬው መሃል እንዲታይ ደማቅ ቀይ። «ጋሼ፣ የፊልም መኪና አልመሰለችም?» አለኝ።

መስላለች። አልዋሽም፣ ታምራለች። ዕቃውም ደህና ዕቃ ነው።

ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬን የሠራሁ ሰው ነኝ። የአማቱን ጋራዥ አልፎ ቡሬ ማሠራቱ ቅር ብሎኛል፤ ከዚህ ደብተርስ ለምን እደብቃለሁ? ቅሬታዬን ውጬ ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ሳነሳ ላስቲኩ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ አብጧል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩ። የሞተር ዘይት! በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት ሞልቶበታል። ያ ዘይት የፍሬኑን ላስቲኮች በሙሉ ያበላሻል። ዛሬ ይይዛል፣ ነገም ይይዛል፣ ከዚያ አንድ ቀን እግርህ ባዶ ይረግጣል።

«ይህችን መኪና እንዳትነዳት» አልኩት። ሳቀ። «የሠራልኝ መካኒክ እኮ አዲስ አበባ የሠለጠነ ነው ጋሼ።» አስነስቶ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ባለቤቴ አስናቀች፣ «ሰርጉ አራት ቀን ቀርቶት ከአማች ጋር ነገር አትፈልግ» አለችኝ። ነገር ፈላጊው እኔ ሆንኩ!

ውባለም ጅጋ ታስተምራለች። ደወልኩላትና ነገርኳት። «አባ፣ እርስዎ ጋ ስላልተሠራ ነው አይደል የተናደዱት?» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። የገዛ ልጄ።

ከመዝጋቴ በፊት ግን እቅዳቸውን ከእሷው ሰምቻለሁ። በሰርጉ ማግስት ሁለቱ ብቻ በነቀምቴ መንገድ አባይ ድረስ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ። ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። የከባድ መኪና ሹፌሮች እንኳ አማትበው ነው የሚጀምሩት።

ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። አልሄድኩም። መቅረቴን ጽፈውታል አሉ። ይጻፉት!

ዓርብ፣ ጥር 16

አደረግኩት።

ሀብታሙ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሊያይ መጣ። ውባለምም ፈቃድ ወስዳ ቤት ናት። ምሳ ቀርቦለት እጁን ሲታጠብ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ክሪክ አቆምኩ፤ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ፈትቼ እያንከባለልኩ ጋራዤ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

ሲወጣ ክው አለ። «ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«መኪናህን እያሳረፍኳት።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«በሕይወት አለ ይልሃል።»

ውባለም እያለቀሰች መጣች። «አባ፣ ጎማውን አይደለም የፈቱት፤ ትዳሬን ነው የፈቱት!» አለችኝ። ይህችን ቃል ከየት አመጣቻት? ቅኔ ቤት የገባሁት እኔ፣ የተቀኘችብኝ እሷ። ሀብታሙ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። አልተሰናበተኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ማለዳ የሀብታሙ አባት አያ ምህረቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሀብታሙ ከኋላቸው ቆሟል። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም፤ ያ ራሱ ቁጣ ነው። «በጥር አማት የሙሽራ መኪና ሲያስር አይተን አናውቅም» አሉኝ።

«ጎማውን እመልሳለሁ፤ ግን አያ ምህረቴ አጠገቤ ተቀምጠው አብረን እንነዳለን» አልኩ። አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሰው የማይበዛበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ወሰድኳቸው። ነዳሁ፣ ረገጥኩ፤ ቀጥ አለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ቀጥ። አያ ምህረቴ በጎን አዩኝ። ላብ አጠመቀኝ። የገዛ ልጄን ሰርግ በከንቱ አበላሽቼ ቢሆንስ? ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ፍሬን እንዳይዝ ጸለይኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እየፈጠንኩ፣ እየረገጥኩ ስመላለስ ዲስኩ ጋለ፤ ሽታው ገባን። በስድስተኛው ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለሉ ድረስ ወረደ። ምንም የለም። ባዶ! የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፤ መኪናዋ ዞረችና የአንድ ገበሬ ጭድ ክምር ውስጥ ተቀረቀረች። ሰውየው መንሹን ይዞ እየጮኸ መጣ። እውነቱን ነው።

አያ ምህረቴ ከጋቢያቸው ላይ ጭዱን አንድ በአንድ ለቀሙ። ከዚያ «የአባይ ቁልቁለት ሜዳ አይደለም» አሉ።

መኪናዋን አስጎትተን ስንመለስ ልጃቸውን፣ «ጫማቸውን ሳም» አሉት። እኔ አልፈቀድኩም። ንዴቴ አልበረደም፤ ጫማ በመሳም የሚበርድ አይደለም።

እሁድ፣ ጥር 18

ተዳረች። በአጎቷ ፒካፕ ሄደች፤ አበባ አስረውበት ነበር። ጉልበቴን ስማለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ሙሽራይቱ በቀይዋ መኪና ትመጣለች ብለው የጠበቁ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንዱማ «አማቱ ቀንቶ ነው» አለ። በሰርግ ቀን አልሳደብ ብዬ ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሀብታሙ ገና በሁለተኛ ቀኑ ብቻውን መጣ። ሙሽራ ቤቱን ትቶ! «ላግዝዎት» አለኝ። እጅጌውን ሰብስቦ ከመኪናዋ ሥር ገባ።

ላስቲኮቹን በሙሉ አወጣናቸው። ሁሉም አብጠዋል፣ ልፍስፍስ ብለዋል። አንዱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሲጫነው ተበጣጠሰ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቀዩ ካሊፐር ግን ይቀራል እንዴ?»

ጮህኩበት። ሰፈሩ ሰማኝ። ሲደነግጥ ሳየው ግን ሳቄ መጣ። «ቀዩ ምን አደረገ፣ ይቀመጥ» አልኩት። ዲስኩም ይቀመጣል፤ በትክክል ከተሠራ እውነትም ከድሮው የተሻለ ይይዛል። ቧንቧውን አጥበን፣ አዲስ ላስቲክና የፍሬን ዘይት አስገብተን፣ አየሩን አስወጣን። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እንደ ድንጋይ ጸና።

ውባለም አልደወለችም። ለእሱ ደውላ «አባ ምሳ በሉ?» ብላ ጠይቃለች። ስልኩን ሊሰጠኝ ሲል ዘጋችው።

ነገ ማርያም ናት፤ አይሠራም። ሐሙስ ከሀብታሙ ጋር ቡሬ እንሄዳለን። ያ መካኒክ ስንት መኪና ላይ እንዲህ ያለ ዘይት ሞልቷል? ሚኒባስም ይሠራል ይባላል፤ ሚኒባስ ስንት ሰው ይጭናል! ሀብታሙ፣ «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ያናግሩት» ብሎ ለመነኝ። እሺ ብያለሁ። የመካኒኩን ፊት ሳይ እንደምችል ግን እርግጠኛ አይደለሁም።