ሰባት ገንቦዎችን ስለመመለስ

ለተከበሩ አቶ ወንድዬ
የቀበሌያችን የጓሮ አትክልት ልማት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም
የካቲት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ከብቱስ? ወንበሩስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እንደ መደባችን ነን።

በቅድሚያ በጓሮዬ ይኖር የነበረው የመጨረሻው የቃሪያ ተክል ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደርቆ መገኘቱን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ድንኳን አልተጣለም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላዘንኩም፤ ቆሜ አየሁት፣ ገባሁና ምሳዬን በላሁ።

ጓሮው የእኔ ሳይሆን የባለቤቴ የፈርሂያ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሪያድ ለሥራ ከመሄዷ በፊት ሰባት ያልተሟሹ ገንቦዎች ገዝታ በመደቡ ውስጥ እስከ አንገታቸው ቀበረቻቸው። ያልተሟሸ ገንቦ ያልበዋል፤ እሷም የፈለገችው ላቡን ነበር። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፣ ፀሐይም አይሻማውም፣ አረሙም አይቀምሰውም። በየአራት ቀኑ ሦስት ጀሪካን ውሃ ሞልቶባቸው አፋቸውን በጠፍጣፋ ድንጋይ መክደን ነው፣ አለቀ። ከላላ ወረዳ ያሉት እናቷም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ኮሚቴው የዋለልኝን ውለታ እንዳልዘነጋ በቁጥር አስቀምጣለሁ፦

1. ጥቅምት ላይ ጓሮዬን ጎብኝታችሁ ገንቦዎቹን «ኋላ ቀር አሠራር» ብላችሁ ስለመዘገባችሁ አመሰግናለሁ፤ ያን ያህል ዘመን ጎመን የበላሁት ከኋላ ቀርነት ጋር መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ተቆፍረው ለባህላዊ ቁሳቁስ ኤግዚቢሽን መወሰዳቸውም ክብር ነው። ለአሥራ አምስት ቀን ተብለው እንደ ሄዱ ይኸው አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ተመልካች በዝቶባቸው ይሆናል።

2. በምትካቸው ለአምስት ቤት አንድ ባለ ወንፊት የፕላስቲክ ማጠጫ ተሰጥቶናል። የሚቀመጠው በቡድን መሪያችን በአድማሴ ቤት ተቆልፎ ሲሆን፣ ቁልፉ ከአድማሴ ጋር ወግዲ ከተማ ይውላል።

3. አትክልቱ ውሃ የሚጠጣው በቡድንና በተቆጣጣሪ ፊት ብቻ እንዲሆን መወሰኑ ጥበብ ነው። ተቆጣጣሪው ማለዳ ቢሮ አልገባም፣ ማታ ደግሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ በስድስት ሰዓት፣ አናት በምትበሳ ፀሐይ፣ ቅጠል ቅጠሉን በጣሳ እያረጠብን ፎቶ እንነሳለን። ጎረቤቴ እቴቴ ምህረት «ኧረ ልጆቼ፣ ይሄ ማጠጣት ነው መቀቀል?» ብለው በመጠየቃቸው በግምገማ የአመለካከት ችግር ተገኝቶባቸዋል። በዚህ አሠራር ከሚተዳደሩት የቀበሌያችን ጓሮዎች የለመለመ አንድም የለም፤ ፎቶዎቹ ግን አምረዋል።

4. ይኼኛው ቅሬታ አይደለም። ፈርሂያ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ስለ ጤናዬ ከመጠየቋ በፊት «ገንቦዎቹን ሞላህ?» ትለኛለች። ሞልቼአለሁ፣ አብሽሪ እላታለሁ። «ቃሪያውስ?» ስትል፣ ወገብ ደርሷል እላታለሁ። ባለፈው ዓርብ ደረት ደረሰ። በውሸት የሚያድግ ቃሪያ እንዲህ ነው፤ ውሃ አያስቸግርም። የሰው ወለል ስታጥብ የምታስበው ያንን መደብ እንደሆነ ነግራኛለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

ስለሆነም ገንቦዎቹ ከዚያ በፊት እንዲመለሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቃሪያው አይደርስም፤ ቢያንስ አፈሩ ረጥቦ ይቆያት። አለበለዚያ በሯን ከፍታ ወደ ጓሮ ስትወጣ የት ወስጄ ምን እንደማሳያት አላውቅም።

ዕቅዱን መቶ አሥር በመቶ ካሳካው ደረቅ መደብ አጠገብ፣ ባርኔጣዬን አውልቄና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣
አዩብ ይማም

ግልባጭ፦
ለአቶ አድማሴ (ቁልፉ ከተገኘ)

ማረሚያ፦ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ወደ ቢሮዎ በመጣሁበት ዕለት ከሕንፃው ጀርባ ዞር ብዬ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አልታየች ኤግዚቢሽኑ በተዘጋ ማግስት ሰባቱንም ገንቦዎች ከግድግዳው ሥር ቀብራ፣ ወለል ካጠበችበት የተረፈውን ውሃ ስትሞላባቸው ከርማለች። በዙሪያቸው የተከለችው ቃሪያ ጉልበቴን አልፏል። በላዩ ላይም «የኮሚቴው ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ስለዚህ በተራ ቁጥር 3 «የለመለመ አንድም የለም» የተባለው «አንድ አለ» ተብሎ እንዲነበብ፣ ባለቤቴን የት እንደምወስዳት አላውቅም ያልኩትም እንዲሰረዝ አሳስባለሁ። ወደ እናንተ ነው የማመጣት።